አንዲት መርከብ፣ ሁለት ደብተሮች

በሲያትልና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች የሚኖር ኢትዮጵያዊ የዋሽንግተንን ሐይቅ ሳያውቀው አይቀርም። ወደ ሥራው ሲሄድ በተንሳፋፊው ድልድይ ያቋርጠዋል፤ በበጋም ልጆቹን ወደ ዳርቻው ይዞ ይወርዳል። በዚህ ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ቀድሞ ሆተን ትባል በነበረችውና እ.ኤ.አ. በ1968 ከከርክላንድ ከተማ ጋር በተቀላቀለችው ሥፍራ፣ የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል አውራ መርከብ እንደ ተሠራች የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። የመርከብ መሥሪያው ዛሬ የለም፤ በቦታው ሆቴልና የመዝናኛ ጀልባዎች ማቆሚያ ቆመዋል።

መርከቢቱ ስትወለድ ስሟ «ኦርካ» ነበር። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 1942 ውኃ ላይ ወረደች፤ ጥር 23 ቀን 1944 የአሜሪካ ባሕር ኃይል ተረክቦ ሥራ አስጀመራት። ርዝመቷ 95 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ተግባሯ ከባሕር ላይ ተነሥተው በባሕር ላይ ለሚያርፉ አውሮፕላኖች ነዳጅ፣ ጥይት፣ ምግብና የጥገና አገልግሎት መስጠት ነበር። ከጣፋጩ ውኃ ወደ ጨዋማው ለመውጣት እ.ኤ.አ. በ1917 በተከፈተው ቦይ አልፋ፣ የሐይቁንና የባሕሩን ከፍታ በሚያስተካክሉት የውኃ በሮች ወርዳ፣ ወደ ሰላማዊ ውቅያኖስ አመራች። በኒው ጊኒና በፊሊፒንስ ውኆች አገለገለች። በ1945 መባቻ በሊንጋየን ባሕረ ሰላጤ አንድ የጃፓን አጥፍቶ ጠፊ አውሮፕላን በቅርቧ ተከስክሶ፣ እርስዋ ቀላል ጉዳት ብቻ ደርሶባት ተረፈች።

ይህ ጸሐፊ የመርከቢቱን የመጀመሪያ ሕይወት ያወቀው ከታሪክ መጽሐፍ አይደለም። በዚያው አካባቢ በሚገኝ አንድ አነስተኛ ቤተ መዛግብት ውስጥ ከተቀመጠ የቤተሰብ ደብተር ነው። ደብተሩ በጦርነቱ ዘመን በ«ኦርካ» ላይ ያገለገለ የአንድ ወጣት መርከበኛ ቤተሰብ ያዘጋጀው ነው። የቤተሰቡን ስም አላነሣም፤ ልጆቹ በሕይወት አሉና።

ደብተሩን የሠራው መርከበኛው ሳይሆን እናቱ ናት። ጥቁር ወረቀት ባላቸው ገጾች ላይ የጋዜጣ ቁራጮች፣ የራሽን ኩፖኖች፣ ከገና ምሳ የተረፈ የመርከብ የምግብ ዝርዝር፣ ጃፓኖች በፊሊፒንስ ያሳተሙት ዋጋ የሌለው የወረቀት ገንዘብ፣ ልጇ የምድር ወገብን ሲሻገር የተሰጠው የቀልድ ምስክር ወረቀት ተለጥፈዋል። በዚያ ዘመን ልጁ የዘመተበት ቤት በመስኮቱ ላይ ሰማያዊ ኮከብ ይሰቅል ነበር፤ ልጁ ከሞተ ኮከቡ በወርቃማ ይተካል። የዚህች እናት ኮከብ ሰማያዊ እንደ ሆነ ቀርቶ በመጨረሻው ገጽ ተሰክቷል። በደብተሩ ካሉት ነገሮች ሁሉ ትንፋሼን የያዘኝ ይህ ጨርቅ ነበር።

የደብተሩን ዝምታም ልብ ማለት ይገባል። የአሜሪካ ባሕር ኃይል በጦርነቱ ጊዜ መርከበኞቹ የዕለት ማስታወሻ እንዳይዙ ከልክሎ ነበር፤ የሚጽፏቸውን ደብዳቤዎች መኮንኖች እያነበቡ ቦታና ቀን የሚጠቁመውን ያስወግዱ ነበር። ደብዳቤዎቹ ክብደት እንዳይፈጥሩ በፊልም ተቀንሰው ተጉዘው፣ በመድረሻቸው ከመዳፍ በማይበልጥ ወረቀት ላይ ይታተሙ ነበር። ስለዚህ እናቲቱ ልጇ የት እንዳለ አታውቅም። ከጋዜጣ የውጊያ ዜና እየቆረጠች፣ ከደብዳቤው ቀጥሎ እየለጠፈች፣ በእርሳስ «ምናልባት እዚህ?» እያለች ትጽፋለች። ደብተሩ የልጁ ገድል ከሚሆን ይልቅ የእናቲቱ ጥበቃ መዝገብ ነው ቢባል ይቀላል።

እንግዲህ የመርከቢቱን ሁለተኛ ልደት እንመልከት። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በየካቲት 1937 ዓ.ም. ከፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጋር በግብጽ መራራ ሐይቅ ላይ፣ «ኩዊንሲ» በተባለች የጦር መርከብ ውስጥ ሲገናኙ ካነሧቸው ጉዳዮች አንዱ የባሕር በር ነበር። ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ከተዋሐደች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1955 ባሕር ኃይሉ ተቋቋመ፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የኖርዌይ መኮንኖች ሥልጠናውን በመምራት ረዱ። «ኦርካ»ም እ.ኤ.አ. በጥር 1962 ለኢትዮጵያ ተላልፋ «ኢትዮጵያ» ተባለች። የባሕር ኃይሉ ታላቋ መርከብና የዕጩ መኮንኖች ማሠልጠኛ ሆና ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ አገለገለች። በ«ኦርካ»ነቷ ከኖረችው ዘመን የ«ኢትዮጵያ»ነቷ ይበልጣል።

ደብተሩን ባገኘሁ በወሩ፣ በዚህችው መርከብ ላይ በበታች ሹምነት ያገለገሉ አንድ አዛውንት ይዤ ተመለስኩ። እዚህ ሁላችንም «ጋሼ» እያልን እንጠራቸዋለን። የቤተ መዛግብቱ ሠራተኛ ቦርሳችንን ከውጭ አስቀምጠን፣ እስክሪብቶ ትተን እርሳስ ብቻ እንድንይዝ ነገረችን። ደብተሩን ከሣጥኑ አውጥታ በስፖንጅ መደገፊያ ላይ ዘረጋችው። ጋሼ በመርከቢቱ ወለል ላይ ተደርድረው የቆሙ ወጣት አሜሪካውያንን ፎቶግራፍ ሲያዩ ስለ ሰዎቹ አልጠየቁም። ጣታቸውን ከወረቀቱ ከፍ አድርገው በመርከቢቱ አፍንጫ አካባቢ ያለውን ነገር አመለከቱና፣ «እዚህ ጋ ቆሜ ነው ምጽዋን መጀመሪያ ያየሁት» አሉኝ።

«ጋሼ፣ የእርስዎስ ፎቶግራፎች የት አሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አንድ አለኝ» አሉ። «ሌላውን እናቴ አቃጠለችው። ግማሹን በስልሳ ሰባት፣ ግማሹን በሰማንያ ሦስት።»

ነገሩ በአጭሩ ይህ ነው። የባሕር ኃይሉ ምክትል አዛዥ የነበሩት የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅ ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ በኅዳር 1967 ዓ.ም. ደርግ ከገደላቸው ስድሳ ያህል ሰዎች አንዱ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ከንጉሡ ወይም ከልዑሉ ጋር የተነሡት ፎቶግራፍ በቤት ውስጥ መገኘቱ ያስፈራ ነበር፤ ጋሼ በምረቃቸው ቀን የተነሡት ወደ ምድጃ ገባ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ በሕዝባዊ ግንባር እጅ ወደቀች። በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲወድቅ የባሕር ኃይሉ መርከቦች ወደ የመን፣ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ጂቡቲ ሸሹ። «ኢትዮጵያ»ም የመን ገብታ እዚያው ቀረች፤ እ.ኤ.አ. በ1993 ለቁርጥራጭ ብረትነት ተሸጠች። ጋሼ በለበሱት ልብስ ብቻ ስደተኛ ሆኑ። አዲስ አበባ ያሉት እናታቸው ደግሞ፣ በወታደርነቱ ልጄን ይፈልጉብኛል ብለው የደንብ ልብስ ለብሶ የሚታይበትን ሁሉ አጠፉ።

ሁለቱም እናቶች ልጃቸውን ይጠብቁ ነበር። አንደኛዋ እየለጠፈች ጠበቀች፤ ሁለተኛዋ እያቃጠለች። የአገር ልጅ ሆኖ በሁለተኛዋ የሚፈርድ የለም። ነገር ግን ያ እሳት ከእርስዋ ቤት ብቻ እንዳልነደደ እናውቃለን። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ፎቶግራፍ፣ ደብዳቤና የምስክር ወረቀት የሚያቃጥል ሕዝብ፣ ታሪኩን ከባለሥልጣናት ንግግርና ከጠላት መግለጫ ለመልቀም ይገደዳል። ተራው መርከበኛ ምን እንደ በላ፣ ለእናቱ ምን ብሎ እንደ ጻፈ የሚነግረን አይኖርም። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ባሕር ኃይሏን መልሳ ለማቋቋም ከፈረንሳይ ጋር ስምምነት ስትፈራረም፣ ስለ ቀድሞው ባሕር ኃይል ብዙ ተወራ። ወሬው ግን ስለ መርከቦቹ ቁጥር እንጂ በውስጣቸው ስለ ነበሩት ሰዎች አልነበረም።

አንድ ነገር ግን ሳይነገር ማለፍ የለበትም። የቤተሰብ ደብተር እውነትን ይይዛል እንጂ እውነትን ሁሉ አይይዝም። የአሜሪካዊቷ እናት የጋዜጣ ቁራጮች ጃፓናውያንን የሚጠሩት በንቀት ቃል ነው፤ መንደራቸው የጦር ሜዳ የሆነባቸው ፊሊፒናውያን ደግሞ በደብተሩ ውስጥ የሉም። የእኛም መርከበኞች ደብተር ቢኖር ኖሮ እንዲሁ ይሆን ነበር። በምጽዋ የወደቁት የሁለቱም ወገን ልጆች ነበሩ፤ ከተማይቱ ከተያዘች በኋላ ከአየር ስትደበደብ የሞተው ሲቪል ከየትኛውም የኢትዮጵያ መርከበኛ አልበም ውስጥ አይገኝም። የእርሱን ፎቶግራፍ የያዘች እናት ቀይ ባሕር ዳር አለች። ስለዚህ ደብተሮቻችንን የምናስቀምጠው እኛ ትክክል ነበርን ለማለት ሳይሆን፣ ወደ ፊት የሚመጣ አንባቢ ከእርስዋ ደብተር ጋር ጎን ለጎን እንዲያነባቸው ሊሆን ይገባል።

ሥራው ከባድ አይደለም። ቤተ መዛግብት የሚቀበለው የታላላቅ ሰዎችን ወረቀት ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። በየከተማው ያሉ አነስተኛ ቤተ መዛግብት ግን የሚፈልጉት በአካባቢው የኖረውን ተራ ቤተሰብ ነው፤ እኛም ዛሬ ከአካባቢው ቤተሰቦች አንዱ ነን። ባለቤቱ የስጦታ ውል ይፈርማል፤ ከፈለገም ለተወሰኑ ዓመታት ለሌላ ሰው እንዳይታይ ቅድመ ሁኔታ ማስገባት ይችላል። ዋናውን ለመስጠት ያልፈቀደ ቅጂውን መስጠት ይችል እንደሆነ ይጠይቅ። ከዚያ በፊት ግን አንድ የሚቀድም ነገር አለ፤ በየፎቶግራፉ ጀርባ፣ በለስላሳ እርሳስ፣ የሰዎቹን ስምና ቦታውን መጻፍ። በስም ያልተጻፈ ፎቶግራፍ ባለቤቱ ሲያልፍ የማንም አይሆንም። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዚህም ይሠራል።

ጋሼ ከእሳቱ የተረፈችውን አንዲት ፎቶግራፍ ባለፈው ክረምት ለዚያው ቤተ መዛግብት ሰጡ። በመርከቢቱ ወለል ላይ አራት ወጣቶች ነጭ ለብሰው ቆመዋል። ጀርባዋ ላይ የአራቱን ስም ሲጽፉ ሦስተኛው ላይ እጃቸው ቆመ፤ የአባቱ ስም ጠፋቸው። ሁለት ቀን ስልክ እየደወሉ ሦስት አገር ጠየቁ። በሦስተኛው ቀን ከጂዳ ተነገራቸውና ጻፉት።

ፎቶግራፏ አሁን ከእናቲቱ ደብተር ጋር በአንድ መደርደሪያ ላይ ትገኛለች። መርከቢቱ ቀልጣ ሌላ ብረት ሆናለች፤ ሁለቱ ወረቀቶች ግን የተወለደችበትን ሐይቅ በሚያይ ቤት ውስጥ ተገናኝተዋል።