ስለ አጽንዖት፦ ከዜማ ምልክት እስከ ጥብቀት ነጥብ

«አጽንዖት» ጸንዐ፣ ማለት በረታ፣ ጠነከረ ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ስም ነው። በሙያ ጽሑፎች ግን የተናባቢን ጥብቀት፣ የሐሳብን ማጉላትና የዜማን የድምፅ አያያዝ ሁሉ ጠቅልሎ ሲጠራ ይታያል። ሦስቱ በታሪክም በአገልግሎትም የተለያዩ ስለ ሆኑ፣ በአንድ ስያሜ መጠራታቸው መዝገበ ቃላት አዘጋጁንም ተርጓሚውንም ያሳስታል።

ቀድሞ የጽሑፍ ምልክት ያገኘው ዜማ ነው። በሊቃውንቱ ትውፊት መሠረት፣ በ16ኛው ምዕተ ዓመት፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ለቅዱስ ያሬድ ዜማ ምልክት አበጁለት። ድፋት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ይዘት፣ ጭረት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ቁርጥ የተባሉት ምልክቶች ከቃሉ ጋር እየተጻፉ መሪጌታውን የድምፁን አካሄድ ያስታውሱታል። ለግእዝ ንባብም ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍና ተጣይ የሚሉ ስሞች ወጥተዋል፤ እነዚህ ግን ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በቃል ይተላለፋሉ እንጂ በተራው ጽሑፍ አይታዩም።

የአማርኛ ጥብቀት ዕጣም ይኸው ነበር። «ገና» ላልቶ ሲነበብ ጊዜው አለመድረሱን፣ ጠብቆ ሲነበብ የልደትን በዓል ያመለክታል። «አለ» ሲላላ መናገርን፣ ሲጠብቅ መኖርን ይገልጻል። ጥብቀት እዚህ ላይ ቃልን ከቃል ይለያል እንጂ ሐሳብን አያጎላም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» በሚጠብቁት ፊደላት ላይ ነጥብ አኑረዋል፤ ልማዱ ግን አልተስፋፋም። በ1997 ዓ.ም. የጥብቀት ምልክት በዩኒኮድ ውስጥ ስለ ተካተተ በኮምፒዩተር መጻፍ ተችሏል፤ የዕለት ተዕለት ጽሑፍ ግን ዛሬም ያለ ነጥብ ይጻፋል።

ሐሳብን ማጉላት ሌላ መንገድ ይከተላል። ተናጋሪ «ካሳ መጣ» ሲል ድምፁን «ካሳ» ላይ አሳርፎ ያጎላዋል። ጸሐፊ ይህ ድምፅ ስለሌለው «የመጣው ካሳ ነው» ይላል። «ካሳማ መጣ» ካሳን ከሌሎች ይነጥላል፤ «መጣ እኮ» ሰሚው የዘነጋውን ወይም የተጠራጠረውን ያስረግጣል። ድግግሞሽም አንድ ዐይነት አይደለም፤ «ሰባበረ» የድርጊቱን መደጋገም ወይም መብዛት ይናገራል፤ አንደበተ ርቱዕ ሰው አንዱን ቃል ደጋግሞ ሲጠራ ግን የሚያጸናው ሐሳቡን ነው። ፊደሉ ያላሳየውን ጉልበት የሚሸከመው የዐረፍተ ነገሩ አወቃቀር ነው።

ስለዚህ የእንግሊዝኛ ጸሐፊ አንዱን ቃል ዘመም ባለ ፊደል ሲያጎላ፣ ተርጓሚው የፊደሉን መልክ ብቻ ቢገለብጥ ትርጉሙ ከመንገድ ይቀራል። ዐረፍተ ነገሩን እንደገና ማዋቀር ወይም ተገቢውን ምዕላድ መፈለግ አለበት።

ለስያሜ ሥራችንም የሚበጀው «ጥብቀት»ን ለተናባቢው፣ «አጽንዖት»ን ለሐሳቡ ለይቶ መያዝ፣ ለዜማውም ሊቃውንቱ ያወጡለትን ስሞች ማቆየት ነው። መዝገበ ቃላትም ጥብቀትን በየቃሉ ማሳየት ይገባዋል፤ ያለዚያ «ገና»ን ከ«ገና» የሚለይለት የሚያጣው አማርኛን በመጽሐፍ ብቻ የሚማረው አንባቢ ነው።