«መረብ»፣ «አውታር» እና «ኔትወርክ»፦ ስለ አንድ የትምህርት ዘርፍ ስያሜ

የአገራችን የምህንድስና ቃላት የመጡበትን መንገድ ለመከተል ከአራዳ የሚሻል ሠፈር ማግኘት ያዳግታል። «ስልክ» ከዐረብኛ የተገኘ ሲሆን የጥንት ፍቺው ክር ወይም ሽቦ ነው፤ የሐረርና የአዲስ አበባ መስመር መዘርጋት የተጀመረው በ1880ዎቹ ነበር። «መሐንዲስ»ም ዐረብኛ ነው፤ «ምህንድስና» ግን «ድቁና» ከ«ዲያቆን» እንደ ወጣ ሁሉ በአማርኛ ርባታ የተበጀ ነው። «ፒያሳ» ራሱ ጣልያንኛ መሆኑ የታወቀ ነው፤ የሠራተኛው «ፒንሳ»ና «ካቻቪቴ»ም እንዲሁ። የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ በ1945 ዓ.ም ከተቋቋመ ወዲህ ደግሞ እንግሊዝኛ ሥፍራውን ያዘ።

ዛሬ በኮሌጅ የኔትወርክ ምህንድስና የሚማር ተማሪ ትምህርቱን የሚከታተለው በእንግሊዝኛ ነው። ዲግሪውን ይዞ ሲወጣ ግን ለደንበኛው በአማርኛ ማስረዳት አለበት። እዚህ ላይ ችግር ይገጥመዋል፤ በሕዝብ አነጋገር «ኔትወርክ የለም» ማለት የእጅ ስልክ ሞገድ ጠፋ ማለት ነውና፣ የሙያው ስም ከሙያው እጅግ ጠብቦ ይሰማል።

ተርጓሚዎች በምትኩ አንዳንድ ጊዜ «መረብ»፣ አንዳንድ ጊዜ «አውታር»፣ ሌላ ጊዜም ሁለቱን አጣምረው «አውታረ መረብ» ይላሉ። «አውታር» በግእዝ የ«ወትር» ብዙ ቍጥር ነው፤ አማርኛ ነጠላ አድርጎ ስለ ወሰደው «አውታሮች» ማለት ተለምዷል። የበገና ጅማት ስም እንደ መሆኑ ለተዘረጋ መስመር ይስማማል። ሽቦ ለሌለው ግንኙነት አይሆንም የሚለውን ተቃውሞ ግን አንቀበልም፤ «ስልክ»ም ሽቦ ማለት ሆኖ ሳለ ሽቦ ያጣውን ስልክ ከመጥራት አልታገደም።

ይሁንና የዓሣ አጥማጁ መረብ ቋጠሮ አለው፤ አውታር የለውም። መስመሮች የሚገናኙበትን ነጥብ «ቋጠሮ» ለማለት የሚያስችለን «መረብ» ብቻ ነው። ስለዚህ ጠቅላላውን አሠራር «መረብ»፣ ሁለት ቋጠሮዎችን የሚያያይዘውን መስመር «አውታር» ብሎ መለየቱን እንመርጣለን። ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም ወደ አገራችን ከገባ በኋላ የተስፋፋው «በይነ መረብ»ም ከዚሁ ጋር ይስማማል። «አውታረ መረብ» ግን ለመዝገበ ቃላት የሚከብድ ድግግሞሽ ይመስለናል።

የቀረው የጠጋኞቹ ቃል ነው። የፒያሳ ብዙ ክፍል በ2016 ዓ.ም ስለ ፈረሰ፣ ባለሙያዎቹን በየሱቃቸው እየዞሩ መጠየቅ ከቀድሞው ይልቅ ያስቸግራል። «ራውተር»ና «ስዊች»ን ግን ተማሪውም ጠጋኙም ስለሚግባቡባቸው እንዳሉ መመዝገብ ይበቃል።