ዛጎል ለበስ የባሕር እንስሳትና የካንሰር ጂኖች

ዛጎል ለበስ የባሕር እንስሳት፣ በተለይም ክላም፣ ሙስልና ኦይስተር የሚባሉት ባለ ሁለት ክዳን ዛጎሎች፣ ውሃ እያጣሩ የሚመገቡ በመሆናቸው ከፋብሪካ፣ ከነዳጅና ከእርሻ የሚመጣ ብክለትን በሰውነታቸው ያከማቻሉ። ከብክለቱ ከፊሉ የሴልን መባዛት የሚቆጣጠሩ ጂኖችን ስለሚነካ፣ ተመራማሪዎች ብክለትና ካንሰር የሚገናኙበትን መንገድ በእነዚህ እንስሳት ላይ ያጠናሉ። በዩናይትድ ስቴትስ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ሙስልና ኦይስተር እየተሰበሰቡ የባሕር ዳርቻ ብክለት ያለማቋረጥ ሲለካ ቆይቷል።

ጂኖቹ

በዋናነት የሚጠኑት ሁለት ናቸው። ራስ የተባለው ጂን ሴል እንዲባዛ ትእዛዝ ያስተላልፋል፤ ሲበላሽ ትእዛዙ አያቋርጥም። ፒ53 በተቃራኒው የተጎዳ ሴል እንዲቆም ወይም እንዲሞት ያደርጋል። ፒ53 በሰው ላይ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1979 ሲሆን ከሰው ካንሰሮች በግማሽ ያህሉ ተበላሽቶ ይገኛል። የጂኑ ዘመዶች አከርካሪ በሌላቸው እንስሳትም አሉ፤ በክላም ላይ የተገኘ ነገር ለሰውም ትርጉም የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

ጉዳቱ እንዴት እንደሚደርስ ከሁሉ በላይ የታወቀው በቤንዞፓይሪን ነው። ይህ ኬሚካል እንጨት፣ ኩበት፣ ትምባሆ ወይም ነዳጅ በደንብ ሳይቃጠል ሲቀር ይፈጠራል። የሰውነት ኤንዛይሞች ሊያስወግዱት ሲሞክሩ ዲኤንኤ ላይ ወደሚጣበቅ ነገር ይለውጡታል። ከጓኒን ጋር ከተጣበቀ በኋላ ሴሉ ዲኤንኤውን ሲቀዳ ጓኒን በነበረበት ቦታ ታይሚን ሊገባ ይችላል፤ ማለትም አንድ ፊደል ይሳሳታል። በአጫሾች የሳንባ ካንሰር ላይ የፒ53 ስሕተቶች የሚበዙት ይህ ኬሚካል በሚጣበቅባቸው ቦታዎች መሆኑ እ.ኤ.አ. በ1996 ታይቷል። በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ገጠር በእንጨትና በኩበት ከሚነድ ምድጃ የሚወጣውም ጭስ ይህንኑ ኬሚካል ይዟል።

የክላም ሉኪሚያ

ሚያ አሬናሪያ የተባለው ለስላሳ ዛጎል ክላም የደም ካንሰር የሚመስል በሽታ አለው። የደሙ ሴሎች ያብጣሉ፣ ያለ ልክ ይባዛሉ፣ እንስሳውም አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል። ማሳቹሴትስ ውስጥ በሚገኘው የኒው ቤድፎርድ ወደብ በሽታው በብዛት በመታየቱ ጥርጣሬው ወደ ፒ.ሲ.ቢ. ዞረ። እዚያ የነበሩ የካፓሲተር ፋብሪካዎች ከ1940ዎቹ እስከ 1970ዎቹ ይህን ኬሚካል ወደ ውሃው ለቅቀዋል፤ ወደቡም እ.ኤ.አ. በ1983 በመንግሥት ክትትል መጽዳት ካለባቸው ቦታዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል።

የሚገርመው፣ በታመሙት ክላሞች ብዙውን ጊዜ ፒ53 ራሱ የተበላሸ አለመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ሞርታሊን የተባለ ፕሮቲን ፒ53ን ይዞ ከኒውክሊየስ ውጭ ያስቀረዋል። ጠባቂው ጤነኛ ነው፣ ግን ወደ ሥራ ቦታው አይደርስም። ከዚያ ቀደም እ.ኤ.አ. በ2002 በሌላ ክላም ሽሎች ላይ በተደረገ ሙከራ ፒ.ሲ.ቢ. የፒ53 ቤተሰብ ፕሮቲን መጠንን እንደሚለውጥ ታይቶ ነበር።

የብክለቱን ማብራሪያ ክፉኛ ያናጋው ግን እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው የሜትዝገርና የባልደረቦቹ ግኝት ነው። ከኒው ዮርክ፣ ከሜይንና ከካናዳ በተወሰዱ ክላሞች የካንሰሩ ሴሎች ዘረመል እርስ በርሱ ተመሳሳይ፣ ከተሸካሚው እንስሳ ግን የተለየ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ካንሰሩ ራሱ ከአንዱ እንስሳ ወደ ሌላው በውሃ ይተላለፋል። በእነዚህ ሴሎች ውስጥ ስቲመር የተባለ፣ ራሱን እየቀዳ በጂኖች መካከል የሚለጥፍ የዲኤንኤ ቁራጭ እጅግ ተባዝቷል። በቀጣዩ ዓመት ተመሳሳይ ተላላፊ ካንሰር በሙስልና በሌሎች ዛጎሎችም ተገኘ። ስለዚህ በአንድ ወደብ ብዙ የታመሙ ክላሞች መገኘታቸው ብቻውን ኬሚካሉ ካንሰሩን እንደፈጠረ ማስረጃ አይሆንም። የቀደሙት ጽሑፎች ይህን ታሳቢ አድርገው ሊነበቡ ይገባል።

በኢትዮጵያ

ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት ጉዳዩ የሚነካት በኬሚካሎቹና በጣፋጭ ውሃ ዘመዶቻቸው በኩል ነው። ፒ.ሲ.ቢ. በአሮጌ የኤሌክትሪክ ትራንስፎርመሮች ዘይት ውስጥ ይገኛል፤ የስቶክሆልም ስምምነት አባል አገሮች እስከ 2025 ከአገልግሎት እንዲያስወጡትና እስከ 2028 በአግባቡ እንዲያስወግዱት ይጠይቃል። ዋግ ኽምራን የሚያዋስነው ተከዜ እ.ኤ.አ. በ2009 በተጠናቀቀው ግድብ ሰፊ ሐይቅ ሆኗል፣ የአካባቢው ሰዎችም ዓሣ ያሰግሩበታል። ፒ.ሲ.ቢ. በስብ ውስጥ ስለሚከማች ውሃ ውስጥ ከገባ ከዓሣ ጋር ወደ ገበታ ይመጣል።

በአገር ውስጥ ስለ ቀንድ አውጣ የተደረገው ታዋቂ ምርምር ግን ሌላ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ናቸው። እንዶድ የሚገድለው በሳፖኒኑ የሴልን ሽፋን በማፍረስ እንጂ እንደ ቤንዞፓይሪን የዲኤንኤን ፊደል በመለወጥ አይደለም። በኋላም በአሜሪካ ቧንቧ የሚደፍነውን የሜዳ አህያ ሙስል ለማጥፋት ተሞክሯል፤ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ አጠቃቀም ፓተንት መያዙም የባለቤትነት ክርክር አስነሥቷል።