የኮሎምበስ ግድብና የሐረማያ ሐይቅ

ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ፣ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የምትጠጣው ውሃ ያሳምማት ነበር። የሳዮቶ ወንዝ ታይፎይድ ያመጣ ነበር፤ ውሃውም ኖራ የበዛበት ነው። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1908 ውሃ የሚያጣራና የሚያለዝብ ጣቢያ ከፈተች። በ1925 የኦሾኔሲ፣ በ1955 የሁቨር ግድብ ተሠራ። ሁቨር የተባለው በፕሬዚዳንቱ ስም አይደለም፤ ዕድሜያቸውን ለከተማዋ ውሃ በሰጡት ወንድማማቾች፣ በቻርልስና በክላረንስ ሁቨር ነው።

የሐረማያ ሐይቅ ደግሞ ሐረርን ያጠጣ ነበር። ገበሬው በሞተር እየሳበ ጫትና አትክልት አለማበት፤ ከተሞች ቀዱበት፤ ከተራቆተው ኮረብታ የወረደ ደለል ሞላው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሐይቁ ደረቀ፤ ሐረርም ውሃ ከሩቅ ለማስመጣት ተገደደች።

ከሐይቁ አጠገብ ግን ከ1950ዎቹ ጀምሮ የግብርና ኮሌጅ፣ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ ነበር። ስለዚህ ዕውቀት ጠፋ ማለት አይቻልም። በኮሎምበስ የሚቀዳውም የሚጠራቀመውም ውሃ በአንድ ከተማ እጅ ነበር፤ በሐረማያ ሁሉም ቀዳ፣ የገባውንና የወጣውን አስልቶ «ይበቃል» የሚል ባለአደራ ግን አልነበረም። በቅርብ ዓመታት ውሃው ወደ ሐይቁ ተመልሷል። ባለአደራው ካልተገኘ ግን እንደገና መሄዱ አይቀርም።