አብሯቸው ያደገው ልጅ

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ላውጋችሁ። ነገሩ የሚጀምረው ባቡር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 አንዲት ወጣት ሴት ከማንቸስተር ወደ ለንደን ስትሄድ ባቡሩ አራት ሰዓት ዘገየባት፤ እሷም በመስኮቱ እያየች ተክዛ ሳለ፣ አስማተኛ መሆኑን ገና ያላወቀ፣ መነጽር ያደረገ ቀጭን ልጅ በሐሳቧ መጣባት፤ ልትጽፈው ብትል ብዕሯ እምቢ አላት፤ ሰው እንዳትጠይቅ ደግሞ ዓይን አፋር ነበረች፤ እናም እጇን አጣጥፋ፣ ልጁን በሐሳቧ እያሳደገች ለንደን ገባች። ሴትዮዋ ጄ. ኬ. ሮውሊንግ ናት፤ ልጁም ሃሪ ፖተር።

ከዚያ እናቷ ሞተችባት፤ አግብታ ወልዳ ትዳሯ ፈረሰ፤ ጨቅላዋን ይዛ ኤድንብራ ገባች። ሕፃኗን በጋሪ እየገፋች ከተማውን ትዞርና፣ ልጅቱን እንቅልፍ ሲጥላት ካፌ ገብታ፣ እስክትነቃ ድረስ ትጽፋለች። እናት የሆናችሁ ያ ጊዜ ስንት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ጽፋ ስትጨርስም አሳታሚዎች በየተራ መለሱባት። በመጨረሻ ብሉምስበሪ የተባለው አሳታሚ ድርጅት ኃላፊ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ለስምንት ዓመት ልጁ ቢሰጣት፣ አንብባ ጨረሰችና ቀሪውን አምጣ ብላ አባቷን ወጥራ ያዘችው። መጽሐፉ ጁን 26 ቀን 1997 ወጣ፤ በጠንካራ ሽፋን የታተመው 500 ብቻ ነበር።

ያን ጊዜ ነው ልጆቹ የተቀባበሉት፤ አንዱ ለአንዱ እየነገረ፣ ያነበበው ላላነበበው እያዋሰ፣ ሁለተኛው መጽሐፍ መጣ፤ ከዚያም ሦስተኛው። ያ ሦስተኛው በ1999 ሲወጣ፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት እንዳይቀሩ ተብሎ በእንግሊዝ ሽያጩ ከቀኑ 9፡45 ላይ እንዲጀመር ተደረገ። አራተኛው በ2000 በእኩለ ሌሊት መሸጥ ጀመረ፤ ወላጆችም ልጆቻቸውን እንደ ጥምቀት ዋዜማ አልብሰው ይዘው ወጡ።

ከዚያ በኋላ ግን ዝም አለ። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ ሦስተኛው ዓመት መጣ። ሦስት ዓመት ለእኛ ምንም አይደለም፤ ለልጅ ግን ድምፁ የሚጎረንንበት፣ ከአባቱ ጋር መኳረፍ የሚጀምርበት ዘመን ነው። ያሉትን አራቱን ደጋግመው እያነበቡ፣ ቀጥሎ ማን ይሞት ይሆን እያሉ እየተከራከሩ ቆዩ፤ በ2003 አምስተኛው ሲመጣ፣ በ766 ገጹ ውስጥ ያገኙት ሃሪ 15 ዓመት የሞላው፣ በሚወዱት ሰዎች ላይ ሳይቀር የሚጮህ ቁጡ ጎረምሳ ነበር። እነሱም እንደዚያው ሆነው ነበርና ወዲያው አወቁት። እኔ የዚህችን ደራሲ ትልቅ ሥራ የምለው ይህን ነው፤ ልጁን ልጅ አድርጋ አላስቀረችባቸውም።

ስድስተኛውን ልለፈውና ወደ ሰባተኛው ልውሰዳችሁ። ጁላይ 20 ቀን 2007፣ ዓርብ፣ በእንግሊዝ ሰማዩ ተቀደደ። በምዕራቡና በመሃሉ አገር ወንዞች ሞልተው ገነፈሉ፤ መንገዱ ተቆረጠ፤ በሺህ የሚቆጠር መንገደኛ በመኪናው ውስጥ አደረ። የመጨረሻው መጽሐፍ የሚሸጠው በዚያች ሌሊት ነበርና፣ በለንደን ፒካዲሊ በሚገኝ መጽሐፍ መደብር ደጃፍ ላይ ከቀናት በፊት ጀምሮ ያደሩ፣ ከባሕር ማዶም የመጡ ነበሩ፤ ሰልፉም አልተበተነም። እኩለ ሌሊት ሲሆን በሩ ተከፈተ፤ ተቀበሉና እያነበቡ ሄዱ። በ1997 የ11 ዓመት ልጅ ሆኖ ከሃሪ ጋር የጀመረ አንባቢ፣ ያን ሌሊት 21 ዓመቱ ነበር።

ዛሬ ሰባቱም በመደርደሪያ ላይ አሉ፤ የሚያስጠብቅ የለም። ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ከልጆቻችሁ አንዱ ቢጀምራቸው፣ አንዱን ጨርሶ ሌላውን ከማንሳቱ በፊት «ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስልሃል?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ከዚያም አረፍ ብላችሁ፣ እስኪጨርስ ስሙት።