ኩዴታ የሚያደርገው ማነው?

የአገር ልጅ ታክሲዬ ውስጥ ከገባ ወሬው ፖለቲካ ነው። በቅርቡ አንድ ወንድም «ኩዴታ ማለት ወታደር ቤተ መንግሥት ሲይዝ ነው» አለኝ። ድሮ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነበርኩና ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ቃሉ የፈረንሳይኛ ነው፤ «ኩ» ምት፣ «ኤታ» መንግሥት ማለት ነው። የእኛ «መፈንቅለ መንግሥት» መንግሥትን እንደ ድንጋይ ከሥሩ ፈንቅሎ የሚጥል ሰው ያሳየናል። ፈረንሳይኛው ግን መቺው ማን እንደሆነ አይለይም። እንዲያውም ገብርኤል ኖዴ በ1639 እ.ኤ.አ. ስለ ኩዴታ መጽሐፍ ሲያሳትም፣ የጻፈው ገዢዎች ራሳቸው ከተለመደው ሕግ ወጥተው በድንገት ስለሚወስዱት እርምጃ ነበር።

ሉዊ ናፖሊዮንን እንመልከት። በ1848 እ.ኤ.አ. በሕዝብ ድምፅ ፕሬዚዳንት ሆነ። ሕገ መንግሥቱ በተከታታይ እንዳይመረጥ ስለከለከለው፣ ዲሴምበር 2 ቀን 1851 ምክር ቤቱን በትኖ ተቃዋሚዎቹን አሰረ። በዓመቱ፣ በዚያው ዕለት፣ ንጉሠ ነገሥት ተባለ። ከሥልጣኑ የተፈነቀለ መሪ የለም፤ ፈረንሳዮች ግን ድርጊቱን ኩዴታ ይሉታል።

እኛ ንጉሡ ብራዚል ሳሉ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ አዛዥ የነበሩት ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ያደረጉትን ሙከራ እየሰማን ስላደግን፣ ቃሉን ከጠመንጃ ጋር ብቻ አቆራኘነው። ሕግ ግን በባለሥልጣን ፊርማም ይፈርሳል።

ወንድሜ ሒሳቡን ከፍሎ ሲወርድ፣ «እንግዲያስ ወንበሩ ላይ የተቀመጠውንም መጠበቅ ነዋ!» አለኝ። ትምህርቱ ገብቶታል።