ሠራ ማለት ተገቢ ነበር ማለት ነው? ከ1978ቱ ኢሜይል እስከ «10 ሰው አድ አድርግ»

እ.ኤ.አ. በ1978 ጌሪ ቱርክ የሚባል የአንድ ኮምፒውተር አምራች ኩባንያ የማርኬቲንግ ሠራተኛ ለ400 ያህል ሰዎች አንድ ዓይነት ኢሜይል ላከ። ዛሬ የምናውቀው ኢንተርኔት ገና አልነበረም። የነበረው አርፓኔት የሚባል፣ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ወጪውን የሚሸፍንለት የተመራማሪዎች መረብ ነው። መልእክቱ የድርጅቱን አዳዲስ ኮምፒውተሮች ካሊፎርኒያ መጥታችሁ እዩ የሚል ግብዣ ነበር። ብዙዎቹ ተቀባዮች ተቆጡ፤ የመረቡ ኃላፊዎችም ወቀሱት። ቱርክ ግን ከዓመታት በኋላ ሲናገር ያ ኢሜይል ወደ 13 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ሽያጭ አስገኝቷል ይላል።

ዛሬ «የስፓም አባት» የሚባለው ይህ ሰው ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ የመጀመሪያው ስፓም ሠርቷል!

ይህን የማነሳው ስለ ስታርታፖች የማርኬቲንግ ዘዴ ክርክር በተነሳ ቁጥር አንዱ ወገን «ተጠቃሚ አምጥቷል፣ ስለዚህ ጠቃሚ ነው» ስለሚል ነው። ሌላው ደግሞ «ሁሉም ስፓም ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ታሪኩ ሁለቱንም አይደግፍም።

ወደ እኛ የሚቀርብ ምሳሌ እንይ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1994 ሎረንስ ካንተርና ማርታ ሲገል የተባሉ ባልና ሚስት ጠበቆች ዩዝኔት በሚባለው መረብ ላይ ከ5,000 በላይ በሆኑ የውይይት ቡድኖች ውስጥ አንድ ማስታወቂያ ለጠፉ። የማስታወቂያው ጉዳይ የግሪን ካርድ ሎተሪ፣ እኛ ዲቪ የምንለው ነው። ቡድኑ ስለ ሒሳብ ይወያይ ስለ ምግብ፣ ለእነሱ ልዩነት አልነበረውም። ዲቪ ለመሙላት ደግሞ ጠበቃ የግድ አይልም። ሕዝቡ በንዴት የላከው የተቃውሞ መልእክት ብዛት የኢንተርኔት አቅራቢያቸውን ማሽኖች አንበረከከ። ጥንዶቹ ግን 100 ሺህ ዶላር ያህል አገኘንበት አሉ፤ «እናንተም እንዲህ አድርጉ» የሚል መጽሐፍም ጻፉ። በ1997 ካንተር በቴነሲ ግዛት የጥብቅና ፈቃዱን ሲነጠቅ ይህ ዘመቻ ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር።

አሁን ከዚህ ጋር ሆትሜይልን አነጻጽሩ። በ1996 ሳቢር ባቲያና ጃክ ስሚዝ ነፃ ኢሜይል ሲጀምሩ፣ ገንዘብ ካዋሉላቸው አንዱ የሆነው ቲም ድሬፐር አንድ ሐሳብ አቀረበ፦ ከእያንዳንዱ ደብዳቤ ግርጌ ተቀባዩም ነፃ ኢሜይል እንዲከፍት የምትጋብዝ አጭር መስመር ትግባ። በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ተጠቃሚው 12 ሚሊዮን ገደማ ደረሰ፤ ማይክሮሶፍትም በ1997 መጨረሻ ድርጅቱን ገዛው። ይህም ማስታወቂያ ነው፤ ይህንንም ተቀባዩ አልጠየቀም። ሆኖም ማስታወቂያው የመጣው ከሚያውቀው ሰው በተላከ፣ ሊያነበው በሚፈልገው ደብዳቤ ጀርባ ላይ ታዝሎ ነው። ተቀባዩ ባይመዘገብ እንኳ ደብዳቤው ደርሶታል።

ድሮፕቦክስም ይህንኑ መንገድ ሄደ። ጓደኛህን ስትጋብዝ ለአንተም ለእሱም ተጨማሪ የፋይል ማስቀመጫ ቦታ ይሰጣል። ጋባዡም ተጋባዡም ያተርፋል፤ መጋበዝ አለመጋበዙም በጋባዡ እጅ ነው።

በሁለቱ መካከል ያለውን ድንበር በግልጽ ያሳየው የሊንክድኢን ጉዳይ ነው። ተጠቃሚዎች የኢሜይል አድራሻ ዝርዝራቸውን ከፍተው ለሚያውቋቸው ሰዎች ግብዣ እንዲላክ ይፈቅዱ ነበር። ተጋባዡ ዝም ካለ ግን ኩባንያው በዚያው ተጠቃሚ ስም ሁለት ጊዜ ማስታወሻ ይልክ ነበር። ተጠቃሚዎቹ ከሰሱ። በ2014 ዳኛዋ የመጀመሪያው ግብዣ ፈቃድ እንዳለው፣ የማስታወሻዎቹ ጉዳይ ግን ክርክሩ መቀጠል እንዳለበት ወሰኑ። በ2015 ኩባንያው ጥፋት አላመነም፤ 13 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ተስማማ።

የመጀመሪያው ግብዣና ማስታወሻዎቹ በይዘት ብዙም አይለያዩም። የሚለያቸው ፈቃዱ ነው፤ አንዱን ሰውየው ራሱ ላከ፣ ሌሎቹን ኩባንያው ስሙን ተበድሮ ላከ።

ይህ ነገር አሁን በየስልካችን ውስጥ ነው። «10 ሰው አድ ያደረገ የሞባይል ካርድ ይሸለማል» የሚለውን ስንቴ አይታችኋል? ሳትጠየቁ ስንት ግሩፕ ውስጥ ገብታችኋል? በ2024 ስልክ በመንካት ሳንቲም ይገኝባቸዋል የተባሉት የቴሌግራም ጨዋታዎች በተስፋፉበት ወቅት፣ የግብዣ ሊንክ ያልላከ ዘመድ ማግኘት ከባድ ነበር። ሊንኩን የምንከፍተው አክስታችን ስለላኩት ነው። ድርጅቱን አናውቀውም፤ የምናምነው እሳቸውን ነው። ስለዚህ ሲከስር የሚከስረው የእሳቸው ስም ነው። እየቆየ የቤተሰብ ግሩፑን ድምፅ እናጠፋለን። ከዚያ አንድ ቀን እዚያው ግሩፕ ላይ የለቅሶ መልእክት ይመጣል፤ ሳናየው ያልፋል። የዚህ ኪሳራ በየትኛውም ስታርታፕ የዕድገት ሪፖርት ላይ አይጻፍም።

«ለማስታወቂያ ገንዘብ የሌለው ወጣት ምን ያድርግ?» የሚለው ጥያቄ ግን ፍትሐዊ ነው። ገና ለጀመረ ሰው የሰው ለሰው ግብዣ ብቸኛው በር ሊሆን ይችላል። እኔም በሩ ይዘጋ አልልም። ሆኖም ተጠቃሚው በስሙ የሚላከውን መልእክት ከመላኩ በፊት ይየው፤ አንዴ ይላክ፤ ተቀባዩ ዝም ካለ ዝምታው መልስ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ዘዴውን ከመጀመራችሁ በፊት ይህን ጠይቁ፦ መልእክቱ የደረሰው ሰው ባይመዘገብ ምን አተረፈ? መልሱ «ምንም» ከሆነ፣ ወጪያችሁን እሱ እንዲከፍል እያደረጋችሁ ነው።

ለተቀረነው ደግሞ፣ የቴሌግራም ቅንብር ውስጥ የግላዊነት ክፍል ግቡና ማን ግሩፕ ውስጥ ሊጨምራችሁ እንደሚችል ወስኑ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።